መንግሥትና ሃይማኖት በመንግሥት ትምህርት ቤትና በሕግ፦ የላስታ ላሊበላን አካባቢ ማሳያ በማድረግ የተዘጋጀ ማብራሪያ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ከተደነገጉት መሠረታዊ መርሖዎች አንዱ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ነው። ይህ መርሕ በተለያዩ መድረኮች በተደጋጋሚ ቢጠቀስም ትርጉሙ ግን ብዙ ጊዜ በተዛባ መልኩ ሲቀርብ ይስተዋላል። አንዳንዶች መርሑ ሃይማኖትን ከአደባባይ ለማራቅ የወጣ አድርገው ይወስዱታል። ሌሎች ደግሞ ብዙ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩባቸው ታላላቅ ከተሞች ብቻ የሚያስፈልግ፣ ነዋሪው በአብዛኛው የአንድ እምነት ተከታይ በሆነበት አካባቢ ግን ፋይዳ የሌለው አድርገው ያዩታል።

ይህ ማብራሪያ መርሑን የሚመለከተው ሁለተኛው አስተያየት ጎልቶ ሊነሣበት ከሚችል አካባቢ በመነሣት ነው። በሰሜን ወሎ ዞን በላስታ ደጋ ላይ የምትገኘው ላሊበላ፣ ከዓለት ተፈልፍለው የታነጹት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት መገኛ ናት። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በመላው ዓለም በቅድሚያ ከተመዘገቡት አሥራ ሁለት ቅርሶች መካከል ነበሩ። በዙሪያዋ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ነአኩቶ ለአብ፣ ገነተ ማርያምና አሸተን ማርያምን የመሳሰሉ ጥንታውያን የአምልኮ ሥፍራዎች ይገኛሉ። በየዓመቱ በልደት በዓል ከመላ አገሪቱ የሚመጡ ምእመናን የቤዛ ኩሉን ሥርዓት ለመከታተል በቤተ ማርያም ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ሲሆን፣ የወሩ ቀናትም የሚቆጠሩት በአብዛኛው በቅዱሳን ስም ነው።

እንዲህ ባለ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ምን ማለት ነው? የሚጠብቀውስ ማንን ነው? ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ እነዚህን ጥያቄዎች ከሕጉ፣ ከታሪክና ከዕለት ተዕለት አሠራር አንጻር ይመለከታል።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይደነግጋል?

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 ሦስት ነገሮችን ይደነግጋል። አንደኛ፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛ፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት የለም። ሦስተኛ፣ ጣልቃ ያለመግባት ግዴታው የሁለቱም ወገን ነው፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገቡም። ሦስተኛው ነጥብ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። ድንጋጌው ሃይማኖትን ብቻ የሚገድብ ሳይሆን የመንግሥትንም እጅ የሚይዝ ነው።

አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነትን ያረጋግጣል። ማንኛውም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ ሃይማኖቱን ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር በመሆን የማምለክ፣ የመከተልና የማስተማር መብት አለው። በንዑስ አንቀጽ 3 ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት ለመያዝ ያለውን ነጻነት በኃይል ወይም በሌላ መንገድ ማስገደድ የተከለከለ ነው። በንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት በመስጠት ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት ተሰጥቷቸዋል።

ትምህርትን በሚመለከት ዋናው ድንጋጌ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። በዚህ መሠረት ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ ይኖርበታል። የሃይማኖት ተከታዮች የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት ማቋቋም እንደሚችሉ የሚደነግገው አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 2 ይህንኑ ድንጋጌ በቀጥታ ይጠቅሳል። ሁለቱ ተያይዘው ሲነበቡ የሕጉ አሳብ ግልጽ ይሆናል። የሃይማኖት ትምህርት አልተከለከለም፤ የራሱ ቤት ተሰጥቶታል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የሁሉም ዜጎች ልጆች የጋራ ቤት ሆኖ እንዲቆይ ተደርጓል።

በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ይህንኑ መርሕ ተቀብሏል። በመሆኑም መርሑ በላስታና በላሊበላ የሚገኙ የክልልና የወረዳ የመንግሥት አካላትን ሁሉ ይመለከታል።

መርሑ የመጣበት የታሪክ ጎዳና

የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ከውጭ ተገልብጦ የመጣ አሳብ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ታሪክ ውስጥ ከከፈሉት ዋጋ የተገኘ ትምህርትም ነው። በተለይ ወሎ ይህን ዋጋ በቅርብ ያውቀዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ወቅት ጦርነቱ እስከ ላሊበላ ደርሶ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ያካሄዱትን ጉባኤ ተከትሎ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ በመንግሥት ሥልጣን ተገደዱ። በሁለቱም ወቅት የደረሰው ጉዳት አንድ የጋራ ምክንያት አለው፤ ሥልጣንና እምነት በአንድ እጅ መያዛቸው ነው።

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ደንግጎ ነበር። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የሌሎች እምነቶች የአምልኮ ሥርዓት በሕግ መሠረት ሲፈጸም ጣልቃ እንደማይገባበት ቢገለጽም፣ ዜጎች በሕግ ፊት የነበራቸው ቦታ እኩል አልነበረም። ሃይማኖት የግል፣ አገር የጋራ ነው የሚለው አነጋገር በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፣ ሕጉ ራሱ ወደዚህ አሳብ ገና አልደረሰም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ የእኩልነት፣ የበዓላት እውቅናና የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ጥያቄዎችን በአደባባይ አቀረበ። በሰልፉ ሙስሊሞች ብቻ ሳይሆኑ ጥያቄውን የደገፉ ክርስቲያኖችም ተሳትፈዋል።

የሃይማኖትና የመንግሥት መጣመር ጉዳቱ ከመንግሥት ሃይማኖት ውጭ በነበሩት ላይ ብቻ አልነበረም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 127 መሠረት የቤተ ክርስቲያኗ ሊቀ ጳጳስ ምርጫ የንጉሠ ነገሥቱን ይሁንታ ይፈልግ ነበር። ሥርዓቱ ሲለወጥ ይኸው በመንግሥትና በቤተ ክህነት መካከል ያለ ወሰን ደካማነት ሌላ መልክ ይዞ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ለገዳማት፣ ለአድባራትና ለአብነት ትምህርት ቤቶች መተዳደሪያ የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት በአንድ ቀን አዋጅ ተወሰደ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በወታደራዊው መንግሥት ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም.ም ተገደሉ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገድለዋል። መንግሥት የሚሰጠውን መንግሥት ሊነሣ ይችላል፤ የሚሾመውንም ሊሽር ይችላል። በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ የተጣለው ክልከላ ክብደት የሚታወቀው ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ነው።

ሁለቱ የትምህርት ቤቶች

የሰሜን ወሎ አካባቢ ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የትምህርት አገር ነበር። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ከፊደልና ከዳዊት ንባብ ተነሥቶ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤት፣ በአቋቋም ቤትና በመጻሕፍት ቤት እያለፈ ለዓመታት በየኔታ ሥር ይማራል። ለላስታ ጎረቤት የሆነው ዋድላ ከሦስቱ ታዋቂ የቅኔ መንገዶች ለአንዱ ስሙን ሰጥቷል። በዚያው በሰሜን ወሎ፣ በየጁ የሚገኘው ዳና ደግሞ ለእስልምና ትምህርት በመላ አገሪቱ የታወቀ ማዕከል ነው። የቅኔው ጉባኤም ሆነ የቁርኣን ቤቱ የትምህርታቸውን ይዘት፣ የመምህራኑን ብቃትና የተማሪውን የመዓርግ ደረጃ ራሳቸው ይወስናሉ። መንግሥት ለእነዚህ ተቋማት ሥርዓተ ትምህርት አያወጣም፤ ማን ቅኔ እንዲያስነግር ወይም ማን ተፍሲር እንዲያስተምርም አይሾምም።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ ከቤተ ክህነት የቀረበውን ሥጋት ለማርገብ መምህራኑ ከግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች እንዲመጡ ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው የግብረ ገብ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ከክርስትና አስተምህሮ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ቆይቷል። በወታደራዊው መንግሥት ዘመን ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ወሰደ። በኋላ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተተካ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። ዛሬ የሚሰጠው የግብረ ገብ ትምህርት ሐቀኝነትን፣ መከባበርን፣ ታታሪነትንና ለሕግ ተገዥነትን የሚያስተምረው ለሁሉም ተማሪ በሚሆን መልኩ እንጂ በአንድ ሃይማኖት ቀኖና መሠረት አይደለም።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተቃዋሚዎች አይደሉም። ጠዋት የየኔታ ተማሪ የሆነ ልጅ ከሰዓት በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ሊማር ይችላል፤ ሊማርም ይገባል። ሕጉ የሚጠይቀው የአንዱ ቤት ሥልጣን ወደ ሌላው ቤት እንዳይሻገር ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ወሰኑ የት ነው?

በዕለት ተዕለት አሠራር ጥያቄ የሚነሣው በአንቀጾቹ ላይ ሳይሆን በጥቃቅን በሚመስሉ ተግባራት ላይ ነው። ዋናው መለያ ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን ነው፣ በማንስ ሥልጣን ነው የሚለው ነው።

የተማሪው እምነት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አይወልቅም። ከፈተና በፊት የሚያማትብ ተማሪ፣ በአንገቱ ማተብ ያሰረ ልጅ፣ ሒጃብ የለበሰች ተማሪ፣ በዕረፍት ሰዓት በልቡ የሚጸልይ ወጣት መብታቸውን እየተጠቀሙ ነው። የሚጾም ተማሪ በትምህርት ቤት የሚቀርብለትን ምግብ እንዲበላ አይገደድም፤ የማይጾም ተማሪም በጾም ወቅት በመብላቱ አይነወርም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ ለብሰው እንዳይማሩ በመከልከላቸው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ ክልከላው ለጊዜው እንዲቆም ትእዛዝ ሰጥቷል። የክልሉ ትምህርት ቢሮም ተማሪዎቹ እንዲማሩ ለትምህርት ቤቶቹ ጽፏል። ይህ አጋጣሚ በአንድ ጥንታዊ የሃይማኖት ማዕከል ውስጥ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ቢሆን የሁሉም ዜጎች ልጆች መሆኑን ያስታውሳል።

የመምህሩና የርእሰ መምህሩ ሁኔታ ከተማሪው የተለየ ነው። መምህሩ ከሥራ ውጭ የፈለገውን እምነት የመከተል ሙሉ መብት አለው። በክፍል ውስጥ ሲቆም ግን የሚናገረው በመንግሥት ስም ነው። በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተሰላፊውን በጸሎት መምራት፣ የሃይማኖት ስብከትን ከትምህርት ጋር ማያያዝ፣ ተማሪው በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመድረሳ ባለው ተሳትፎ ነጥብ መስጠት ወይም መቀነስ፣ ለደብር ወይም ለመስጊድ ሕንጻ ማሠሪያ ከተማሪዎች በትምህርት ቤቱ በኩል መዋጮ መሰብሰብ የተቋሙን ሥልጣን ለአንድ እምነት ማዋል ነው። ድርጊቱ በቅን ልቡና የተፈጸመ መሆኑ ሕጋዊ አያደርገውም። መምህሩ በተቃራኒው ሃይማኖትን ማንቋሸሽ ወይም በተማሪው እምነት ላይ ማላገጥም አይችልም። ገለልተኝነት በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል።

ስለ ሃይማኖት ማስተማርና ሃይማኖትን ማስተማር የተለያዩ ናቸው። በላስታ የሚማር ልጅ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት፣ የንጉሥ ላሊበላን ዘመን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን የአሠራር ጥበብና የውኃ መውረጃ ቦዮቻቸውን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሳይማር ቢቀር ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። እንዲሁም የአል ነጃሺን ታሪክና የወሎን የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ሊያውቅ ይገባል። ይህ ዕውቀት ነው። ተማሪው እንዲያምን፣ እንዲሰግድ ወይም እንዲጸልይ ማድረግ ግን የወላጅና የሃይማኖት ተቋሙ ድርሻ ነው።

በዓላትን በሚመለከት የአገሪቱ ሕግ የክርስትናንም የእስልምናንም ዐበይት በዓላት የሕዝብ በዓል አድርጎ አውቋል። በላስታ ገበሬው በየወሩ በ12 የሚካኤልን፣ በ21 የማርያምን፣ በ27 የመድኃኔ ዓለምን፣ በ29 የባለ እግዚአብሔርን ቀን ከእርሻ ሥራ ታቅቦ ያከብራል። የትምህርት ካላንደር ግን እነዚህን ወርኃዊ በዓላት አይከተልም፤ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። የሚቀረው ተማሪ ላይ ማላገጥ አይገባም፤ ትምህርት ቤቱንም በልማድ መዝጋት አይቻልም። የትምህርት ቤቱ የሥራ ቀን የሚወሰነው በሕግ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. በትምህርት ተቋማት ውስጥ የአምልኮ ሥርዓትን የሚመለከት መመሪያ ያወጣው እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ወጥ መልስ እንዲያገኙ በማሰብ ነው።

ሁሉም አንድ በሚመስልበት ቦታ

በላሊበላ በሚገኝ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪዎች ቢኖሩና ሃምሳ ዘጠኙ የአንድ እምነት ተከታዮች ቢሆኑ፣ ጠዋት በጋራ መጸለይ ማንን ይጎዳል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው የሚነሣው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። ሆኖም መልሱ ያለው ስልሳኛው ልጅ ዘንድ ነው። ያ ልጅ ወይም ያቺ ልጅ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በከተማው የሚነግድ ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ወይም የወንጌላውያን አማኞች ልጅ ሊሆኑም ይችላሉ። ሃምሳ ዘጠኙ ሲጸልዩ ልጁ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል፤ የማያምንበትን መናገር ወይም ዝም ብሎ በመቆም ከጓደኞቹ ተለይቶ መታየት። ሁለቱም ማስገደድ ናቸው። በትር ያልተነሣበት ማስገደድም ማስገደድ ነው፤ አንቀጽ 27 የከለከለው በኃይል የሚደረገውን ብቻ ሳይሆን በሌላ መንገድ የሚደረገውንም ነው።

ነገሩን ገልብጦ ማየትም ይጠቅማል። የላስታ ቤተሰብ ልጅ ሙስሊሞች ወይም ወንጌላውያን በሚበዙበት ሌላ የአገሪቱ አካባቢ ሲማር ስልሳኛው ልጅ እሱ ይሆናል። በዚያ የሚጠብቀው ሕግ በላሊበላ የሌላውን ልጅ የሚጠብቀው ያው ሕግ ነው። ሕግ በብዙኃኑ ቦታ ካልተከበረ በአናሳው ቦታ ሊጠየቅበት አይቻልም።

መርሑ ቤተ ክርስቲያኒቱንም ይጠቅማል። ጸሎት በርእሰ መምህር መመሪያ የሚመራ ከሆነ፣ ነገ ሌላ ርእሰ መምህር የጸሎቱን ቃል ሊለውጠው፣ ሊያሳጥረው ወይም ለሌላ ዓላማ ሊያውለው ይችላል። የቅዳሴውና የማኅሌቱ ሥርዓት ለዘመናት ሳይፋለስ የቆየው በካህናቱና በሊቃውንቱ እጅ ስለቆየ ነው።

በሕግ አወጣጥና አተረጓጎም

የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ሕግ ለሃይማኖት ዓይኑን እንዲጨፍን አያደርግም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሕግ የሰውነት መብት እንዳላት ደንግጓል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012፣ የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ቁጥር 1208/2012 የሕግ ሰውነት አግኝተዋል። እነዚህ ሕጎች የእምነቱን ትክክለኛነት አይመዝኑም፤ ተቋሙ ንብረት እንዲያፈራ፣ ውል እንዲገባ፣ እንዲከስና እንዲከሰስ ያስችላሉ።

በቤተሰብ ጉዳይ ወሰኑ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 እና የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸም ጋብቻን ሕጋዊ ውጤት ይሰጡታል። በተክሊል የተጋቡ ባልና ሚስት በሕግ ፊት ባልና ሚስት ናቸው። ይሁን እንጂ የጋብቻ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑንና የሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ አስፈላጊነት የሚወስነው ሕጉ ነው። ሥርዓቱ በካህን፣ በቃዲ ወይም በአገር ሽማግሌ ቢፈጸም ለውጥ የለውም። አንዲት ልጅ ከትምህርት ገበታዋ ተነሥታ እንዳትዳር የሚጠብቃት ይህ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በተመሳሳይ መንገድ ይታያሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረው ተደራጅተዋል። ቁልፉ ቃል ፈቃድ ነው። አንደኛው ተከራካሪ ካልተስማማ ጉዳዩ በመደበኛ ፍርድ ቤት ይታያል።

ቅርስና አምልኮ በአንድ ሥፍራ

በላሊበላ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጉዳይ ላይ ሳይገናኙ መኖር አይችሉም። አብያተ ክርስቲያናቱ ዛሬም ቅዳሴ የሚካሄድባቸው የአምልኮ ቤቶች ናቸው፤ በዚያው ልክ የአገርና የዓለም ቅርስ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 እና በአንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 2 ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል። ስለዚህ መንግሥት ለቅርስ ጥገና በጀት ሲመድብ ወይም ባለሙያ ሲልክ ሃይማኖት መደገፉ ሳይሆን የቅርስ ጥበቃ ግዴታውን መወጣቱ ነው። ይኸው ግዴታ ለጥንታውያን መስጊዶችና ለሌሎች ቅርሶችም በእኩል ይሠራል።

ጥገናው እንዴት ይካሄድ የሚለው ግን ያለ ካህናቱና ያለ ነዋሪው ምክክር ሊወሰን አይገባም። አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ለጊዜያዊነት ታስበው ቢሠሩም ለዓመታት ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማዋ ነዋሪዎች መጠለያዎቹ በቅርሱ ላይ ሥጋት ፈጥረዋል በማለት አደባባይ ወጥተው መፍትሔ ጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መንግሥታት ትብብር የጥናትና የጥገና ሥራ ተጀምሯል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የዓለቱ ደኅንነት የመሐንዲሱና የቅርስ ባለሙያው፣ የመቅደሱ ሥርዓት ደግሞ የካህናቱ ጉዳይ መሆኑንና ሁለቱ መመካከር እንዳለባቸው ነው። መለያየት አለመነጋገር ማለት አይደለም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

አገሮች ይህን መርሕ በተለያየ መንገድ ተግብረውታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጣችው ሕግ መንግሥትንና አብያተ ክርስቲያናትን ለይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን ከልክላለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 በሰጠው ውሳኔ፣ ተማሪዎች ያለመሳተፍ ምርጫ ቢኖራቸውም እንኳ የመንግሥት አካል ያዘጋጀው ጸሎት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊደገም እንደማይችል ገልጿል። የህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ሙሉ በሙሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደሩ የትምህርት ተቋማት የሃይማኖት ትምህርት እንዳይሰጥ ይከለክላል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከእነዚህ አንዱን እንዳለ አልወሰደም። ዜጎች እምነታቸውን በግልጽ በሚኖሩባት አገር፣ ተማሪው እምነቱን ይዞ እንዲገባ፣ ተቋሙ ግን የማንም እምነት ወገን እንዳይሆን አድርጎ ደንግጓል።

ጥያቄ ወይም ቅሬታ ሲኖር

በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ጥያቄ ወይም ቅሬታ ያለው ተማሪ ወይም ወላጅ በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊያቀርብ ይችላል፦

1. በመጀመሪያ ለክፍል ኃላፊው መምህርና ለርእሰ መምህሩ፤ አብዛኛው ጉዳይ በዚህ ደረጃ በመነጋገር ይፈታል።
2. በትምህርት ቤቱ ካልተፈታ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ ቀጥሎም ለወረዳው ወይም ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት።
3. ለዞንና ለክልል ትምህርት አካላት።
4. በአስተዳደር በደል ረገድ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፤ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ረገድ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን።
5. መብቱ በፍርድ እንዲከበር ለሚመለከተው ፍርድ ቤት፤ የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚያስፈልገው ጉዳይ ሲሆን በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት።

ቅሬታ ያቀረበ ተማሪ ወይም ወላጅ በማቅረቡ ምክንያት ሊገለል ወይም ሊጎዳ አይገባም። ቅሬታው በብዙኃኑ እምነት ላይ የተሰነዘረ ጥቃት ተደርጎ መወሰድም የለበትም፤ የጋራው ቤት የጋራ ሆኖ እንዲቀጥል የቀረበ ጥያቄ ነው።

ማጠቃለያ

በላስታ ደጋ ላይ የሚኖር ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚሻገረው ወሰን በዓይን አይታይም። ወሰኑ ያለው በሕጉና ሕጉን በሚያስፈጽሙት መምህራን፣ ርእሳነ መምህራንና የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ልቡና ውስጥ ነው። በዚህኛው ወገን የየኔታን ጉባኤና የካህናቱን ሥርዓት ከመንግሥት እጅ ይጠብቃል፤ በዚያኛው ወገን በክፍሉ ጥግ የተቀመጠውን ስልሳኛ ልጅ ይጠብቃል። ሁለቱን በአንድነት መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ግዴታው በሥራ ላይ መዋሉን መከታተል ደግሞ የወላጆች፣ የሃይማኖት አባቶችና የመላው ነዋሪ የጋራ ኃላፊነት ነው።